በውሃ የጻፍኳቸው ቃላት

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት የሲሚንቶውን ወለል ነው። ሴቶቹ ገና አጥበውት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የአዳማን የግንቦት ሙቀት ለሚያውቅ ሰው እርጥብ ወለል ጸጋ ነው።

የተያዝኩት በአማርኛ በእጅ በተጻፈ አንድ የተቃውሞ ወረቀት ምክንያት ነው። በሰፈራችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አደረ። እኔ ለብዙ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለሠራሁ ጽሕፈቴ ያምራል ይባላል፤ ጠቋሚውም ይህንኑ ሳይናገር አልቀረም። መርማሪው እንድጽፍለት እስክሪብቶ ሲያቀርብልኝ «ዓይኔ አያይም» አልኩት። ወረቀቱን አልጻፍኩትም። ግን የእኔ ባይሆንም የእኔ ይደረጋል ብዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከወለንጪቲ የመጣች ልጅ አስገቡ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። በማግስቱ ጠዋት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እትዬ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«ካቦዋ።»

ካቦዋ የክፍሉ አለቃ ናት። ስለ እንግሊዝኛ አንድም ቀን አንስቼላት አላውቅም።

«ከሌላ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ቃላት ያስቸግሩኛል። አጻጻፋቸው ሌላ፣ ንባባቸው ሌላ።» ከሹራቧ ስር የታጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። «ይጻፉልኝ። ከጎናቸው ትርጉማቸውን በአማርኛ።»

እስክሪብቶ እዚያ ክልክል ነው። ደግሞ ለምን በአማርኛ? ጽሕፈቴን እንድትወስድላቸው የላኳት መሰለኝ።

«እኔ በወረቀት አላስተምርም» አልኳት። ጣቴን ከውሃው ጆግ ነክሬ ወለሉ ላይ ጻፍኩ። ቡፌ፣ ከፈረንሳይ የመጣ፤ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ቲ አለው። ሱናሚ፣ ከጃፓን፤ ቲው መነሻው ላይ ነው። ካኪ፣ ከህንድ፤ ከኬው ኋላ ኤች ተለጥፎበታል።

«እንግሊዞች ሲወስዷቸው ከነልብሳቸው ነው የወሰዷቸው» አልኳት። «ስፓጌቲንም እይ። ከጂው ኋላ ይቺ ኤች ባትኖር ጣልያኑ ‹ጄ› ብሎ ያነበዋል።»

«በናትዎ ስፓጌቲን አይጥሩብን!» አለች ካቦዋ ከጥግ። «ሰው በባዶ ሆዱ ነው ያለው!»

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ግን ቃሉ ሳይደርቅ ለመገልበጥ ትጣደፍ ነበር። እኔም እያንዳንዱ ፊደል ከወለሉ ላይ እስኪጠፋ ዓይኔን አልነቅልም።

ከአራት ቀን በኋላ ሁለታችንንም ጠሩን። ወረቀቷ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል?» አላት። «ይሄ የሚስጥር መልእክት ነው። ማነው የሰጠሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።» ወደ እኔ አላየችም።

«እንግዲያው ፈተናውን እርሺው። እዚሁ ትቆያለሽ።»

ወረቀቱን አጎንብሼ አየሁት። ከስፓጌቲ ላይ ኤቿ ጎድላለች።

«ተሳስታለች» አልኩ። «እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

«ማዘር፣ ዓይኔ አያይም ብለው አልነበር?»

«ዛሬ ያያል።»

ኤቿን አስገባሁ። ከስሯም በአማርኛ፣ ሳላጣምም፣ በራሴ ጽሕፈት «ትምህርት ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን እስከ አያቴ አሰፈርኩበት።

መርማሪው ከግድግዳው ወረቀት ጋር አጠጋግቶ ብዙ ቆየ። ይመሳሰል አይመሳሰል አልነገረኝም። ልጅቷን በዚያው ቀን «ዕቃሽን ያዢ» አሏት፤ ወደ ቤቷ ይሁን ወደ ሌላ ቦታ አላወቅሁም። እኔ ከወር በኋላ ተፈታሁ።

አሁን ምግብ ቤት ገብቼ የምግቡን ዝርዝር ሳነብ ልጅቷ ትዝ ትለኛለች። ያ ወረቀት እንዴት ጠረጴዛው ላይ እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም። በፍተሻ አግኝተውባት ይሆናል። ራሷ ሰጥታቸውም ይሆናል። ሰላይ ከነበረችም ግን ስፓጌቲን አስተካክላ የምትጽፍ ሰላይ ናት።