የመምህርት ይታይሽ ዥዋዥዌ

መምህርት ይታይሽን የምታውቁ ሁሉ፣ ቢቸናም ሞጣም ያላችሁ፣ መርዶው ደርሷችኋል። ባለፈው ሳምንት ዐርፈው እዚያው ቢቸና ቀብረናቸዋል። እኔ ሞጣ ላይ ብረት የምበይደው እንድሪስ ነኝ። ኀዘኔን ልጽፍ ስቀመጥ ንዴቴ እየቀደመኝ ተቸግሬያለሁና ይቅር በሉኝ።

መምህርት መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጡት የራሳቸውን ንድፍ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ነበር። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሰርካለም የምትባል፣ በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ አለች። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሊሯሯጡ ሲሉ ሹራባቸውን አውልቀው እቅፏ ውስጥ ይከምሩታል፤ እሷም ደወል እስኪደወል ትጠብቅላቸዋለች። ሁሉም «ጎበዝ፣ ታማኝ ልጅ» ይላታል። መምህርትን ግን ይህ ነገር አንገበገባቸው።

«ይህች ልጅ የሹራብ መስቀያ አይደለችም! ከነዊልቸሯ የሚይዛት ዥዋዥዌ ነድፌያለሁ፤ ትሠራዋለህ?» አሉኝ።

ሠርቼ ቢቸና ትምህርት ቤታቸው ወስጄ ተከልሁት። ሰርካለምን አሳፍረው ገፋ ገፋ አደረጓትና ፊታቸው ጠቆረ።

«እንድሪስ፣ ገፊ ካጣች ይቆማል እኮ!»

«መምህርት፣ ዥዋዥዌ ሁሉ ገፊ ይፈልጋል» ብዬ ተከራከርሁ።

«ሌላው ልጅ በእግሩ ራሱን ይገፋል። እሷም በእጇ ትወዛወዝ» አሉና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ልጅቱ ራሷ የምትስበውን ገመድ ንድፉ ላይ ጨመሩበት። ምሳ እንዳልበላሁ ሲያውቁ የራሳቸውን ምሳ ዕቃ ወደኔ ገፉት። እኔ እያጉረመረምሁ በላሁ፤ እሳቸው ሳይበሉ መሣላቸውን ቀጠሉ።

ገመዱን አስሬ እንደጨረስሁ «አጥርና በር ይሠራለት፤ እስኪመረቅ ማንም አይንካው» የሚል ትእዛዝ ከትምህርት ቢሮ መጣ። በሩንም ያሠሩት እኔኑ ነው። ተቆለፈ። መራቂው እንግዳ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቀጥሎ ዝናብ ነው ተባለ። ቀጥሎ እንግዳው ተዛውረዋል፣ አዲሱ ሥራውን እስኪለምዱ ተባለ። መምህርት በተመላለሱ ቁጥር «ፕሮግራም እየያዝን ነው፣ ትንሽ ይታገሡን» ይሏቸዋል።

«እኔስ ልታገሥ፤ ሰርካለም እስከዚያ ታድጋለች እኮ!» አሉኝ አንድ ቀን ከቢሮው ሲወጡ።  ከዚያ ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነው እየደወሉ «ተከፈተ?» ይሉኛል። አልተከፈተም ስላቸው «ነገም እደውላለሁ» ብለው ይዘጋሉ።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ያሠሩት መጫወቻ ዛሬ ሕፃናት እየቦረቁበት ይገኛል» ተባለ። ሰርካለም ከፊቴ ነበረች፤ ዞራ አየችኝ። ደሜ ፈላ።

መምህርት፣ ከቀብርዎ ስመለስ እዚያው ቢቸና ካለ በያጅ መቁረጫ ተውሼ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። በሩን ከማጠፊያው ቆርጬ አጥሩ ላይ አስደገፍሁት። በማግስቱ ሰርካለም ገመዱን ስባ ብቻዋን ተወዛወዘች፤ ልጆቹ ሲጠጓት «እንዳትገፉኝ!» እያለች ትጮኽባቸዋለች። ቢሮው በሩን መልሰህ ግጠም ብሎኛል። አልገጥምም። ግን ይህን እርስዎ ሳያዩት መቅረትዎ እስከ ዛሬ ያበግነኛል፤ አንድ በር ነበር እኮ የከለከለዎት! ደኅና ይሁኑ፣ መምህርት። የልጆቹ ሹራብ አሁን እዚያ በር ላይ ነው የሚሰቀለው።