ኢንዶስኮፒው የበላት አንድ ሰዓት

ሆስፒታሉ የሰጠኝ ወረቀት ሦስት ነገር ይላል፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳትቀምሺ፣ በዕለቱ መኪና እንዳትነጂ፣ ሰው ይዘሽ ነይ። ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አይልም። እኔም ታላቅ እህቴን ከከተማው ሌላ ዳር፣ ከካሳራኒ ሰፈር አስመጣኋት። እናታችንን የገደላት የጨጓራ ካንሰር ነው። ወር ሙሉ ሆዴን ሲያቃጥለኝ የከረመው እሱው እንደሆነ ለማወቅ ነበር ዌስትላንድስ ያለው ሆስፒታል ድረስ የሄድነው።

ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ መራራ ነገር ረጩብኝ። በግራ ጎኔ አስተኝተው መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ አስነከሱኝና ክንዴ ላይ የሚያደነግዝ መርፌ ወጉኝ። ነርሷ ጨጓራዬን የሚያዩበትን ባለካሜራ ቱቦ እንድውጥ በስዋሂሊ «ሜዛ፣ ማማ፣ ሜዛ» ስትለኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ታክሲ ውስጥ ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ፤ ክሩም በሥርዓት ታስሯል።

«ዶክተሩ ምን አለ?» አልኳት እህቴን።

«ጨጓራሽ ተቆጥቷል እንጂ ሌላ ምንም የለም አለ። አንቺኑ ቁጭ አድርጎ ነገረሽ እኮ! ራስሽን ስትነቀንቂ ነበር። ስንቴ ልንገርሽ? አሁን ስትጠይቂኝ አራተኛሽ ነው።»

መርፌው ያቺን ሰዓት ከአእምሮዬ አጥፍቷታል። ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፣ ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። እህቴን ደግሞ አላመንኳትም። በእኛ ቤት ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም። እናታችን በሽታዋን ሳታውቀው ነው የሞተችው፤ እህቴም እስከ መጨረሻዋ ቀን «ምንም የለም» እያለች ትስቅላት ነበር።

ቤት ስገባ ሞባይሌን አየሁ። በዚያችው በጠፋችብኝ ሰዓት አዲስ አበባ ላለው ወንድማችን ደውዬ ስድስት ደቂቃ አውርቻለሁ። መልሼ ደወልኩለት።

«ቅድም ምን አልኩህ?»

«እንዴት ምን አልኩህ ትይኛለሽ? ‹ምንም የለም፣ አታስብ› አልሽኝ። ድምፅሽ ግን እማዬን ስታጽናኚ የነበረውን መሰለኝና ፈራሁ። የደበቅሽኝ ነገር አለ እንዴ?»

«ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እናታችንን የዋሸቻት እህቴ ብቻ አልነበረችም፤ እኔም ነበርኩበት። አሁን እህቴንም ራሴንም ማመን አቃተኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበልኩ። አላመንኩም፤ ዶክተሩን ራሱን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግኩት። የጨጓራ መቆጣት ብቻ ነበር። እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሳቀችብኝ።

እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ስልክ ነው። ካንሰር ቢሆን ኖሮም ለወንድሜ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ እለው ነበር።