በሎት ሸለቆ ከአማቴ ኋላ

ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሲያትል ውስጥ ከሴንትራል ዲስትሪክት ተነስቼ መሃል ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሾፌር መንገዱን ብቻ የሚያይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ግማሹን ቀን የምውለው መስታወት ላይ ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ የትኛዋ እናት የሕፃን ጋሪዋ በሩ ላይ ተያዘባት እያልኩ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። ሰው መጠበቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ ፈረንሳይ አገር ሄጄ የሠራሁት ሥራ እንዲገባችሁ ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሊንውድ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ተወልደው ያደጉት አስመራ ነው፤ በወጣትነታቸው የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበሩ። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ትዳር ይዘው ልጆቻቸውን እዚያው አሳደጉ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ እኔን ሲጠሩኝ ግን «ወደይ» ነው የሚሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልብ ደም ሥራቸው ጠቦ ሆስፒታል ገብተው ከዳኑ በኋላ፣ ሐኪሙ ቀስ እያሉ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ መከራቸው። እሳቸው ምክሩን «ብስክሌት ግዙ» ብለው ተረጎሙት። ብቻቸውን መሄድ ስለማይፈቀድላቸው ዕጣው ለእኔ ወጣ። በአርባ ስድስት ዓመቴ ገላ ላይ የሚጣበቅ ቁምጣ ለብሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአቅራቢያችን ባለው ሀይቅ ዳር ከኋላቸው መከተል ጀመርኩ። ኦቴሎ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ ቁምጣዋን ያዩ ዕለት የሳቁትን ሳቅ መቼም አልረሳውም።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ልጆቻቸው ምን ስጦታ እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። «የፈረንሳይን መንገድ አሳዩኝ» አሉ። ልጅ ሳሉ የጣልያን ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ቆመው የፈረንሳዩን ውድድር በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ሐኪሙ «ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ ብለው፣ ከሰው ጋር» ብሎ ፈቀደላቸው። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ሚስቴ አውሮፕላን ማረፊያው ፓርክ አድርጋ እስከ ውስጥ ሸኘችን። አባቷን አገላብጣ ስማ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ሶ፣ በየቀኑ ኮል ታደርጋለህ፣ ኦኬ? አባቴን እንዳየሁት መልስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ» አልኳት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

የመረጥነው መንገድ በደቡብ ፈረንሳይ የሎትን ወንዝ ተከትሎ ከኤስፓልዮን እስከ ካኦር ይወርዳል። ብስክሌት ያከራየን ሰውዬ በየጧቱ ሻንጣችንን በመኪና ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይወስድልናል፤ እኛ ውሃና ሙዝ ይዘን እንከተላለን። ወንዙ አረንጓዴና ዝግተኛ ነው። ዝቅ እያልን ስንሄድ በአንድ በኩል ነጣ ያለ ገደል፣ በሌላው በኩል የዋልነት ዛፍና የበቆሎ ማሳ ያጅበን ጀመር። በየከተማው የድንጋይ ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያንና አደባባይ አለ፤ ቀትር ላይ ግን ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ይህን ባለማወቃችን በመጀመሪያው ቀን ምሳችን ሁለት ሁለት ሙዝ ሆነ። ስንት መቶ ዓመት የኖሩ ቤቶች ግንባር ለግንባር ተጠጋግተው ቆመዋል። አማቴ ግድግዳቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጉና «ይህን የሠራው ሰው አልቸኮለም» ይላሉ።

በመጀመሪያው ጧት፣ ሆቴሉ በር ላይ «ይቅደሙ አባባ» አልኳቸው።

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ በፍጹም!»

ቀደሙ። መንገዱም ላይ እንደዚያው ሆነ። በቤታችን ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ እጁን የሚታጠብ፣ ከማዕድ የሚቆርስ የለም። ሲያትል የተወለዱት ልጆቼ እንኳ በእንግሊዝኛ እያጉረመረሙም ቢሆን ይህን ያውቃሉ። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ደንቡ ይለወጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከኋላቸው ሆኜ ዓይኔን ጀርባቸው ላይ ተክዬ ስሄድ፣ እንደ እኔ ያለ አማች የት ይገኛል እያልኩ በራሴ እኮራ ነበር።

ነፋሱ ከምዕራብ፣ ፊት ለፊት ነበር የሚነፍሰው። እኔ መኖሩን የማውቀው በቆሎው ሲያጎነብስ አይቼ ነው እንጂ ብዙም አይሰማኝም። ከአማቴ የኋላ ጎማ ግፋ ቢል አንድ ሜትር ርቄ እሄዳለሁ፤ እግሬ ቅልል ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ለሚስቴ ደውዬ «የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜልሻለሁ፤ ድካም የሚባል ነገር ጠፋ» ብዬ ጎረርኩ።

«አባቴስ?»

«ምን ይሆናሉ! ፊት ፊት ነው የሚሄዱት።»

ይህን ማለቴን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አራተኛው ቀን ላይ፣ ካዣርክ የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል፣ ሸለቆው ጠበበና ነፋሱ ባሰበት። አማቴ ዘገም አሉ። ብስክሌታቸው ወዲያና ወዲህ ዋለለ። እግራቸውን መሬት ላይ አሳረፉና ከአንድ የዋልነት ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከደረት ኪሳቸው ክኒን አውጥተው ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። እኔ የውሃውን ጠርሙስ ከፍቼ ግማሹን ጫማዬ ላይ ደፋሁት። «እንዳየሁት መልስልኝ» የሚለው ድምፅ ብቻ ነበር ጆሮዬ ውስጥ ያለው።

ከኋላችን ሲመጡ የነበሩ አራት የአገሩ ብስክሌተኞች ቆሙ። ሁሉም በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። አንደኛዋ፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴትዮ፣ የአማቴን የልብ ምት በጣቶቿ ለካች፤ ባሏ ለብስክሌት አከራዩ ደወለለት። የአማቴ ፊት ቀለም ትንሽ መለስ ሲል ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንትም አይተናችሁ ነበር» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ወጣቱ አንተ ነህ። ሽማግሌው ለምን ነፋሱን ይሸከሙልሃል?»

«ስለማከብራቸው ነው» አልኳት።

ምንም አልገባትም። ቀኝ መዳፏን ፊት፣ ግራዋን ኋላ አድርጋ አሳየችኝ፤ የፊተኛው ነፋሱን እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ የኋለኛው ተከልሎ ያርፋል። በተራ በተራ ነው የሚመራው። ደካማ ያለበት ቡድን ደግሞ ደካማውን ከኋላ ያስቀምጣል። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። ያ የሃያ ዓመት እግር የማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

የካዣርክ ሐኪም ልባቸው ደህና እንደሆነ፣ ግን ክፉኛ እንደተዳከሙ ነገረን፤ አንድ ቀን ማረፍ ነበረብን። በማግስቱ ጧት አደባባዩ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ የነፋሱን ነገር ያውቁ ነበር?»

«ዘጠኝ ዓመት የተወዳደረ ሰው ይህ ይጠፋዋል?»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ልጅዎን ምን ልላት ነበር?»

«ቅደም ብዬህ ነበር። ኧረ በፍጹም አልክ።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውም የቁምጣቸውን ጠርዝ አስተካከሉ።

«ደግሞ፣ ወደይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አጥብቄ ብልህ ኖሮ ትቀድም ነበር። አላጠበቅኩም። ከኋላህ ሆኜ ብደክም አታየኝም፤ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። ይቺ ልብ የምትቆም ከሆነ ፊትህ ትቁም ብዬ ነው።»

እኚህ ሰው አንድም ቀን ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ነፋሱን ሁሉ የተሸከሙት ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለው ነው።

አከራዩ ብስክሌቶቹን ሊመልስልን ሲመጣ የኋላ ማሳያ መስታወት እንዳለው ጠየቅኩት። አልነበረውም። ከዕቃ ሳጥኑ ሥር አንዲት የወየበች የናስ ደወል አወጣና የአማቴ ብስክሌት መሪ ላይ አሰረልን። ውል ገባን፤ እሳቸው በየጥቂቱ ይደውላሉ፣ እኔ ሳልዞር ግራ እጄን አነሳለሁ።

ከተዋወቅን ጀምሮ እያወቅኩ ጀርባዬን ስሰጣቸው ያ የመጀመሪያው ነው። ያ ሁሉ ነፋስ ደረቴ ላይ ሲያርፍ እግሬ ዕድሜውን አስታወሰ። ቅጭል ትላለች ደወሏ፤ እጄን አነሳለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ግን ጸጥ አለች። ሃያ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ቆጠርኩ፤ ፍሬኑን ጨምድጄ ዞርኩ። አማቴ መንገድ ዳር ቆመው፣ ገደሉ አናት ላይ የተሰቀለችውን ከተማ አንጋጠው ያያሉ።

«አባባ! ይደውሉ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ደንግጠው አዩኝና ሦስት ጊዜ ደወሉ።

ካኦር ስንደርስ ሦስት ግንብ ያለው አሮጌ ድልድይ ጠበቀን። መግቢያው ላይ ቆሜ «ይቅደሙ» አልኳቸው። ነፋስ እንደሌለ ዛፎቹን አይተው አረጋገጡና ቀደሙ።

ሲያትል ስንመለስ፣ ገና ሻንጣ ሳንቀበል፣ «ባልሽን አራት ቀን ጎትቼ አመጣሁልሽ» ብለው እኔ በስልክ ያልነገርኳትን ሁሉ ለልጃቸው ዘረገፉላት። የዋልነቷን ዛፍም፣ ክኒኗንም። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ደወሏን ከአከራዩ ለምነን ይዘናት መጥተን ነበር። ሁለት ዓመት በሀይቁ ዳር ጮኸች፤ እግረኞች እነሱን የምታስጠነቅቅ እየመሰላቸው ጥግ ይይዙ ነበር። ባለፈው ክረምት የአማቴ ጉልበት ከዳቸውና ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ሚስቴ ሲፈልጉን እንዲደውሉ ስልክ አስቀመጠችላቸው። እሳቸው «ደወሏን ፍታና አምጣልኝ» አሉኝ። አልጋቸው ራስጌ ላይ አሰርኩላቸው።

የመኝታ ክፍላቸው በር ወደ ኩሽናው ነው የሚከፈተው፤ ከተኙበት ጀርባዬ ይታያቸዋል። ትናንት ከሥራ ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ደወሏ ቅጭል አለች።

«ምን ፈልጎ ነው?» አለች ሚስቴ፣ ልትሄድ እየተነሳች።

«ምንም» አልኳት። ሳልዞር፣ አረፋ የሚንጠባጠብበትን ግራ እጄን አንስቼ ነበር።