ለመምታት ብቻ የተቀመጠው ሰው

ኦርቪል ታክሊንድን መጀመሪያ ያወቅሁት በሱሪው ነው። የሌሎቹ ተጫዋቾች ሱሪ ጉልበቱ ላይ የሣር እድፍ፣ መቀመጫው ላይ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል፤ ሁለቴ አጥቤው እንኳ አይለቅም። የእሱ ግን አጥቤ እንደሰጠሁት ንጹሕ ሆኖ ይመለስልኛል። ሰውዬው ታሞ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ፣ ከተመልካች ደረጃው ሥር፣ የቤዝቦል ቡድናችንን፣ የጀልበኞቹን፣ ልብስ አጥባለሁ። ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ማድረቂያ፣ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ ራዲዮ። መስኮት የለም። ጨዋታውን የምከታተለው በራዲዮና ከራሴ በላይ በሚረግጠው እግር ነው። ደረጃው ሲንቀጠቀጥ አንድ ሰው ኳሷን ከአጥር ውጭ አሳልፏል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። ኳስ ወርዋሪው መምታት ቀረለትና በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ይመደብ ተባለ። ይኼ የተመደበው ሰው ተራው ሲደርስ ይመታል፤ ቡድኑ ኳስ ለመያዝ ሜዳ ሲገባ ግን እሱ ይቀመጣል። አንዴ ሜዳ ከገባ ደግሞ ያ መብት ለዚያ ጨዋታ ይቀራል፣ ወርዋሪውም እንደ ድሮው ዱላ አንስቶ ይመታል። እንዲህ ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል። ከተማው ግን በዚህ ነገር ተከፋፍሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ከወንድሙ ጋር ሐምሌን ሙሉ አልተነጋገረም። አንዳንዱ "ግማሽ ተጫዋች" እያለ ይጮኽ ነበር።

የእኛ ግማሽ ተጫዋች ኦርቪል ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ትከሻው የበር ያህል፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ በቀዶ ጥገና የተሰፉ። ከሰሜን ሚኔሶታ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ቤት የወጣ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በታላቁ ሊግ የተጫወተው አርባ አንድ ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት አራት ኳስ ከአጥር አሳልፏል፤ አራቱንም ከነዕለታቸው፣ ከነነፋሱ ይነግራችኋል። ሚስት ነበረችው።

"ማርየታ አሁን የት ናት?" ብዬ ጠየቅሁት አንዴ።

"አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው አገባች" አለ። ሲነግረኝ የከፋው አይመስልም ነበር።

እኔ ክፍል መምጣት የጀመረው በሚያዝያ፣ ብርዱ ሳይለቅ ነው። ከተጫዋቾቹ መቀመጫ እስከ እኔ በር አጭር ኮሪደር አለ። አንገቱን አስገብቶ፣

"እትዬ ቨርና፣ ማድረቂያሽ ሞቃለች?"

"ምን ሊደርቅ ነው?"

"ጉልበቴ።"

ወንበር ሰጠሁት። ጀርባውን ለማሽኑ፣ ጉልበቱን ለእኔ አድርጎ ተቀመጠ። ተራው ሲቀርብ ተነስቶ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ዱላውን ወዝውዞ ኳሷን ሳይነካት ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከላይ አንድ ሰው "ሽማግሌ፣ ብርድ ልብስ ይምጣልህ?" ብሎ ሲጮኽ እኔም ሰማሁት።

በግንቦት መጀመሪያ አሰልጣኙ ገስ ፔልፍሪ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠው። ካልመታ ይሰናበታል። ኦርቪል ይህን ነገረኝና ፎጣ ማጠፍ ጀመረ፤ ሲያፍር እጁ ሥራ ይፈልጋል።

"መሰናበቱን አልፈራም" አለኝ። "ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ። አንዱ መጥቶ 'አሰልጣኙ ቢሮ ይፈልግሃል' ይልሃል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጫማውን ማየት ይጀምራል። አንተ ሄደህ ስትመለስ ቦታህ ባዶ ሆኗል፤ ደህና ሁን የሚልህ እንኳ የለም፣ እንዳይጋባባቸው ነው የሚፈሩት። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። 'በቃኝ' የሚለውን ቃል እኔ ራሴ ልበለው። ሌላ ሰው እንዳይለኝ።"

ያን ጊዜ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ነገሩ ግን ውስጤ ገባ። ሃያ ዓመት ሲመታ የኖረ እጅ በጥቂት ወራት መምታት እንዴት ይረሳል? ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ከበሩ ሆኖ የሳሙናውን ካርቶን ደቃቅ ጽሑፍ ያነብልኛል። ታዲያ ምን ሆነ? ልብስ ስተኩስ ይህን አሰላስል ነበር። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፦

"ድሮ ሜዳ ስትገባ፣ ኳስ ወደ አንተ በማይመጣበት ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

አሰበ። "እ... ኳስ በተወረወረ ቁጥር ትንሽ ጎንበስ እላለሁ። ከመቺው ጋር እሰዳደባለሁ። አፈሩን በጫማዬ አስተካክላለሁ። እተፋለሁ።"

"እዚህ እንዳትተፋ። ሌላውን ግን አድርገው።"

ሳቀብኝ። በማግስቱ ግን የድሮ ጓንቱን ይዞ መጣ፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ኮርቻ ጠቁሮ የተላላጠ። ወለሉ መካከል የውሃ መውረጃ የብረት ክዳን ነበረ። እሱን አንደኛ ማዕዘን፣ መቺው መትቶ መጀመሪያ የሚሮጥበትን ቦታ፣ አደረገው፤ የድሮ ቦታው እዚያ ነበርና። የራዲዮው ሰው "ወረወረ" ሲል ኦርቪል ጎንበስ ይላል። "መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛ ማዕዘን" ሲል አንድ እግሩን ክዳኑ ላይ አድርጎ ጓንቱን ይዘረጋል፣ የማትታየዋን ኳስ ይቀበላል፣ ወደ ማድረቂያው ይወረውራታል። አፉም ሥራ አልፈታም።

"ና ና፣ አንተ ወፍራም! እናትህ ናት እንዴ የላከችህ?"

"ማንን ነው የምትሰድበው?" እለዋለሁ።

"የእነሱን ከኋላ ያዥ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጭ ብሎ ኳስ የሚቀበለውን። አሁን ሊመታ መጥቷል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምለው፣ ይወደዋል።"

"አይሰማህም እኮ።"

"እሱም ድሮ የማይሰማ መስሎ ነበር የሚቆመው።"

እኔ ካልሲ በጥንድ በጥንድ እያደረግሁ በዙሪያው እመላለሳለሁ። አንዳንዴ "ዞር በይ እትዬ ቨርና፣ ሯጭ እየመጣ ነው" ይለኛል፤ አምላክ ይይልኝ፣ ዞር እል ነበር።

ከዚያ መምታት ጀመረ። ምክንያቱን ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ገላው አልቀዘቀዘም ይሆናል፤ ወይም ከጨዋታው ውስጥ ሳይወጣ ስለሚቆይ ኳሷ እንግዳ አትሆንበትም። ግንቦት አለቀ፣ ገስም ስለ ማሰናበት ዝም አለ። ሰኔና ሐምሌ ከራሴ በላይ ያለው ደረጃ እየተንቀጠቀጠ የሳሙናዬ ዱቄት ከመደርደሪያ ወደቀ። ተመልካቾቹ "ሽማግሌው" ማለታቸውን አልተዉም፣ አሁን ግን በፍቅር ነው የሚሉት።

በነሐሴ መካከል አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከዘጠኙ ዙር በስምንተኛው፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። እንግዶቹ እየመቱ፣ የእኛ ልጆች ሜዳ ላይ ናቸው። ኦርቪልም ክዳኑ ላይ። ራዲዮው "ዱዌይን ሞስ ወድቋል" አለ። ዱዌይን እውነተኛው አንደኛ ማዕዘን ላይ የሚቆመው ልጅ ነው፤ ከሯጭ ጋር ተጋጭቶ ቁርጭምጭሚቱ ተጣመመ። ኦርቪል ቀጥ ብሎ ቆመ። ከተቀያሪዎቹ አንዱ ለአባቱ ቀብር ሄዷል፣ ሌላው ትከሻው ታስሯል፤ የቀረው በዚያ ቦታ ቆሞ የማያውቅ አንድ ተጠባባቂ ከኋላ ያዥ ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ገስ ራሱ ነው፤ እኔ ክፍል ገብቶ አያውቅም ነበር። ከኋላው ወርዋሪያችን ኢላርዮ ተከትሎታል። ገስ በሩ ላይ ቆሞ ኦርቪልን ጓንት ለብሶ፣ እግሩን የውሃ መውረጃ ላይ አድርጎ አየው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"አንደኛ ማዕዘን ላይ ነኝ" አለ ኦርቪል። ምን ይበል?

ገስ እኔን አየኝ። እኔ ካልሲዬን አየሁ።

"እንግዲያው ና፣ እውነተኛው ላይ ቁም" አለው። "ዳኛው እየጠበቀኝ ነው።"

ኢላርዮ ከኋላ ሆኖ እጁን አወዛወዘ። "ቆይ አሠልጣኝ! እሱ ከገባ በዱዌይን ተራ የምመታው እኔ ነኝ! ከመጋቢት ጀምሮ ዱላ አልያዝኩም። የሚያዘው በየትኛው ጫፍ ነው?"

"በቀጭኑ። ዝም በል" አለ ገስ። ዓይኑን ከኦርቪል አላነሳም። "በደንቡ የማጣውን አውቃለሁ። አንተን ነው የምፈልገው። ሁለት ዙር ብቻ። ጉልበትህ ይችላል?"

ሰውዬው ይህን ጥሪ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር፤ ይህን የማውቅ እኔ ነኝ። ጓንቱን አየው። ጣቶቹን ውስጡ ሁለት ሦስቴ ከፈተ፣ ዘጋ። ማድረቂያው ይዞራል፣ አንድ ቁልፍ ብረቱን ኳ፣ ኳ ያደርጋል።

"አይ ገስ" አለ። "ያን ልጅ አስገባው።"

"ያ ልጅ በሕይወቱ እዚያ ቆሞ አያውቅም!"

"ጎንበስ ማለት ይችላል። እኔ አልችልም። የምትከፍለኝ ለመምታት ነው፣ በሚቀጥለው ተራ እመታልሃለሁ።"

ገስ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ኢላርዮ ወደ ኦርቪል ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ሕይወቴን አተረፍካት" ብሎት ሮጠ።

ያ ልጅ ገባ፤ የተወረወረለትን አንድ ኳስ ጣለና እንግዶቹ አንድ ነጥብ ጨመሩ። ኦርቪል ይህን ቁጭ ብሎ ሰማ። በዚያ ዙር ጎንበስ አላለም፣ ማንንም አልተሳደበም። እኛ የምንመታበት ጊዜ ሲደርስ ጓንቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። ሦስት ሯጮች ማዕዘኖቹን ሞልተው ጠበቁት። የራዲዮውን ሰው ቃል አልያዝኩትም፤ የማስታውሰው ደረጃው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ነው። ኳሷ ከአጥር አላለፈችም፤ አጥሩን መትታ ተመለሰች፣ ሦስቱም ገብተው ሦስት ነጥብ ሆነልን። አሸነፍን።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁሉም ልብሱን ቅርጫት ውስጥ እየጣለ፣ እየጮኸ አለፈ። ኦርቪል የመጨረሻው ነበር። የግል ልብሱን ለብሷል። መለያውን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

"ነገርኩት" አለኝ።

"ምን?"

"በቃኝ አልኩት። በደረጃው አጠገብ ሲወጣ ያዝኩት፣ ጨበጥኩት፣ በቃኝ ገስ አልኩት። ቀላል ነበር። ይኼን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ያውቃል።"

መተኮሻውን አስቀመጥኩ። "እንዴት እንደመታህ እያየህ? አሁን ነው የሚበቃህ?"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። "እትዬ ቨርና፣ በዚህ ክረምት ስንት ኳስ ያዝኩ? እዚህ ክፍል ውስጥ?"

"እኔ እንጃ። መቶ? ሦስት መቶ?"

"አንድ እንኳ አልጣልኩም። ልብ ብለሻል? አንዲትም። ገስ ና ሲለኝ የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቼ መካከል ስታልፍ አየኋት። ገና ሳልገባ አየኋት። የሚፈራ ሰው ሜዳ አይገባም፣ የማይገባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማድረቂያ ሥር ምን ያደርጋል? የመታኋት ኳስ ጥሩ ናት። በእሷ ላይ ልሂድ።"

ጨበጠኝ። እጁ ፎጣ ያህላል። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። እዚያ እህል የሚያመላልስ መኪና ሲነዳ ኖረ። በየገናው ካርድ ይልክልኝ ነበር፤ በየካርዱ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፦ "እጄ ጥሩ በነበረበት ቀን፣ ማንም ሳይነግረኝ ወጣሁ።" የመጨረሻው ካርድ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

አንድ ነገር አልጻፍኩለትም። በዚያው እሑድ፣ እሱ ከወጣ በኋላ፣ ገስ ወደ እኔ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ወረቀት በእጁ ይዟል። ከላይ፣ ከባለቤቶቹ፣ ሐሙስ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ኦርቪል ይሰናበት፣ በቦታው ወጣት መቺ እየመጣ ነው ይላል።

"አንቺ ነግረሽዋል?" አለኝ።

"ገና አሁን ነው የሰማሁት።"

"እኔም ለማንም አልተነፈስኩም። ቢሮ ልጠራው ነበር፣ ነገ ጠዋት።" ወረቀቱን አራት አድርጎ አጠፈው። "ሜዳ ግባ ያልኩትም ለዚህ ነበር። ዱዌይን ሲወድቅ፣ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ልስጠው ብዬ ነው። እሱ እምቢ አለኝ።"

ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ፤ በቡድኑ መዝገብ ላይ "በራሱ ፈቃድ ለቀቀ" ብሎ አጻፈ። ደብዳቤውን ከእኛ ከሁለታችን በቀር በቡድኑ ማንም አላየውም።

ታዲያ አንዳንዴ አስባለሁ። ኦርቪል ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎች ወደዚያ ቢሮ ሲጠሩ አይቷል። አሠልጣኝ ከማሰናበቱ በፊት ባለው ቀን ፊቱ ምን እንደሚመስል እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ገስ እዚያ በር ላይ ቆሞ ያን ቸርነት ሲያቀርብለት ፊቱን አይቶ ይሆን? ካርድ በመጣ ቁጥር ልጠይቀው ብዕር አነሳ ነበር። ከዚያ "ማንም ሳይነግረኝ" የሚለውን ደግሜ አነብና፣ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቱ ብቻ ጽፌ ፖስታውን እዘጋለሁ።