ሱሰኛንም ያመዋል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን ሲስተር ዘውዴ የሞርፊኑን ቁም ሣጥን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ «እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው፤ ደግሞ የሚጮህ ሁሉ የታመመ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። ቦታው ሆሳዕና፣ የአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ቁልፉን እስከ ጡረታዬ ጠበቅኩ። ምክራቸውን ግን ያኔም አልተቀበልኩም፤ ዛሬም አልቀበልም።

ነገሩ የለየለት በማርቆስ ነው። ማርቆስ የመናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከአውቶቡስ ጣራ የወደቀ ጭነት ጭኑን ሰብሮት፣ ብረት ገብቶለት እኛ ዘንድ ተኛ። ለወገብ ሕመሙ ዓመታት ሙሉ ትራማዶል የሚባለውን ሱስ የሚያስይዝ ማስታገሻ ሲውጥ እንደኖረ ራሱ ነገረን። እውነት መናገሩ ጎዳው። ስሙ ቀርቶ «ሱሰኛው» ተባለ፤ የሚሰጠውም ቀለል ያሉት ማስታገሻዎች፣ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ብቻ ሆኑ።

ጩኸቱ ኮሪደሩን ይሞላዋል። «አመሉ ነው» ይላሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ለባልደረቦቼ እስኪሰለቻቸው ያስረዳሁትን እዚህም ልድገመው። ሞርፊንም ትራማዶልም የሚሠሩት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ባሉ፣ ኦፒዮይድ ሪሴፕተር በሚባሉ ተቀባዮች ላይ ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲመላለስባቸው ይደነዝዛሉ፤ ድሮ የሚበቃው መጠን አይበቃም። ነርቮችን የሚንከባከቡ ሴሎችም ሊቆጡ ይችላሉ፤ የአንጎል ብግነት የምንለው ይህ ነው፤ ሕመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ትራማዶል የለመደ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ከሌላው ቢብስበት እንጂ አይቀልለትም።

ብረቱ በገባለት ማግሥት የመናኸሪያ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጡ። ያመጡለትን ዳቦ ልቆርስለት ስል ውስጡ ትራማዶል ተሸጉጦ አገኘሁ። ተቆጣሁ። አንደኛው ጫኝ ዓይኑን ሳይሰብር፣ «ሲስተር፣ እናንተ ካልሰጣችሁት እኛ ምን እናድርግ? ወንድማችን ነው» አለኝ።  ከሌላ መድኃኒት ጋር ቢደረብ ትንፋሹን ሊያቆመው እንደሚችል አስረድቼ እንክብሉን ወሰድኩባቸው።

የባሰው ግን ባለቤቱ አማረች ጓዟን መሸከፏ ነበር።

«ሲስተር፣ ጃጁራ ከተማ ጎበዝ ወጌሻ አለ። እዚህ እየጮኸ ከሚሞት እዚያ ይታሽ። ባጃጅ ጠርቻለሁ፤ መናኸሪያ ያደርሰናል።»

ብረት የገባበት ትኩስ ቁስል ታሽቶ እግር ሊተርፍ ነው? «እስክመለስ ጠብቂኝ፤ በልጆችሽ!» ብዬ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተረኛው ዶክተር ዘንድ ገባሁ። የዳቦውን ነገርም አልደበቅኩም።

«ይኸው! ለዚህ ሰው ነው ሞርፊን እዘዝ የምትይኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ለዚሁ ሰው! ሱስ ስላለበት ስብራቱ አያመውም?»

«ስለ ሪሴፕተሩ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ እኮ። ትንፋሹ ቢቆምስ? ማን ሊጠየቅ ነው?»

«አጠገቡ እቀመጣለሁ። ካላዘዙለት ግን ለሚስቱ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል።»

 ፍርሃታቸው የውሸት አልነበረም። ቢሆንም ሞርፊኑ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ እንዲሰጠው አዘዙ።

ሞርፊን ትንፋሽ ሲያቆም የሚያረክሰውን መድኃኒት፣ ናሎክሶንን አዘጋጅቼ ትንፋሹን እየቆጠርኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጩኸቱ ወደ ማቃሰት ወረደ፤ ቆይቶም እንቅልፍ ወሰደው። አማረች ወጥታ ባጃጁን አሰናበተች። እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ሞርፊኑን ቀስ በቀስ ቀንሰን አቆምንለት። አጥንቱ ገጠመ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከወራት በኋላ ግን ትራማዶሉን እንደገና ጀመረ። ሲስተር ዘውዴ ይህን ሰምተው፣ «አላልኩሽም? እዚያው ሱሱ ውስጥ ተመልሶ ገባ» አሉኝ።

«ገባ፤ ግን በሁለት እግሩ ሄዶ ነው» አልኳቸው።

ለሱሱ ሕክምና የመጣውም በእነዚያው እግሮቹ ነው። አሁንም ይከታተላል፤ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ተመልሶ ይመጣል።

ያመመው ሰው ማስታገሻ ይሰጠዋል። ሱስ ካለበት ደግሞ ለሱሱም ይታከማል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።