የወይዘሮ ደሳለች ግራዋ

ለሰፊው ሕዝብ ይታወቅ! ቁመታቸው ከእንስራ ብዙ የማይበልጠው፣ ፊደል ያልቆጠሩት የቁስቋም ሠፈሯ ወይዘሮ ደሳለች ከመጪው ዓርብ ጀምሮ የሳይንስ መምህርት እንዲሆኑ ተወስኗል። የሚቃወም ካለ አድኃሪ ነው።

ውሳኔውን ይዞ የመጣው የሠፈሩ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ጓድ ዓምሃ ነበር። ዓምሃ በ1972 ዓ.ም. አንድ በራሪ ጽሑፍ አነበበ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማንበብ አላስፈለገውም። ጽሑፉ «ሳይንስ ከሰፊው ሕዝብ እውቀት ይቀዳ» ይል ነበርና፣ ረቡዕ ጧት ሊቀዳ እሳቸው ደጅ ተገኘ።

«እማማ፣ ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን ቅጠል ዓርብ ለተማሪዎቼ ያስተምሩልኛል።»

ወይዘሮ ደሳለች ዞር ብለው ወደ ቤት አዩ። ከኋላቸው፣ መደቡ ላይ፣ ልጃቸው ዓለምፀሐይ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ተኝታለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሰባት መሙላት አለባት። ሰባቱ ሳይሞላ የቅጠሉ ስም ካዋቂው አፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ እንዲህ ብለው ነው ያወረሷቸው።

«ልጄ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢሆንስ?»

«ዓርብ ጓዶች ከላይ ይመጣሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውቀት መደበቅ ደግሞ… እ… ማለቴ፣ በዚህ ጊዜ ጥሩ ስም አያሰጥም።»

እሱ እንደሄደ ዓለምፀሐይ ቀና አለች። «እማዬ፣ ንገሪያቸውና ይተዉሽ። ወስደው ቢያስቀሩሽ ማን አለኝ?»

«ዝም በይ! አንቺን ቀብሬ ነው ሳይንስ የማስተምረው?»

ዓርብ ደረሰ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ጓዶች ከኋላ ተደርድረዋል። ግራዋን ከጎመን የሚለይ አንድም የለባቸውም፤ እስክሪብቶ ግን ሦስቱም ይዘዋል። ወይዘሮ ደሳለች ስለ አለቃቀሙ አወሩ፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ብረት ሳይነካው። የባለሱቁ ልጅ ሙኒያ እጇን አወጣች።

«እማማ፣ ቅጠሉ ግን ምንድን ነው?»

እስክሪብቶዎቹ ተሰናዱ።

«ግራዋ» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

«የጠላ ጋን የሚታጠብበት? እሱ የወፍ በሽታ እንደሚያድን በምን ይታወቃል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቁጭ በይ!» አለ ዓምሃ። «የሰፊውን ሕዝብ እውቀት አታናንቂ!» በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ሳይንስ የሚባል ነገር ገብቶ ከነበረ፣ በሙኒያ አፍ ነበር የገባው፤ እሱም ቁጭ በል ተባለ። ጓዶቹ አጨበጨቡ።

ሰባቱ ቀን ሞላ። የዓለምፀሐይ ዓይን እየጠራ መጣ። ያኔ ወይዘሮ ደሳለች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ፤ ዓምሃን እጁ በቀለም ተጨማልቆ አገኙት።

«እማማ! ትምህርትዎን ሦስት መቶ ቅጂ አባዛነው! ሸጎሌ ደርሷል፣ አዲሱ ገበያ ደርሷል!»

«ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ። ግራዋ አይደለም። አሁን ልንገርህ፣ ስሙ…»

ዓምሃ ዘሎ በሩን ዘጋው። «አይንገሩኝ! ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። ጓዶች ያጨበጨቡለት ነገር ውሸት ነው ልበል? ሁለታችንንም ነው የሚያስሩን።»

«አንዱ ታሞ እሱን እየጠጣ፣ ዳንኩ ብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቢሞትስ?»

«በቃ፣ ግራዋ ነው እማማ!»

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ደሳለች ገበያ የሚወጡት ለአስቤዛ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሁሉ እያሳዩ «ምን ይላል?» እያሉ ይጠይቃሉ። እስካሁን አስራ አንድ ሰብስበው አቃጥለዋል። ዓይኑ ቢጫ ሰው ባዩ ቁጥር «ግራዋ ጠጣህ እንዴ?» እያሉ ይከተሉታል።

እናም አንባቢ፣ ያ ወረቀት እጅህ ገብቶ ከሆነ፣ እስክሪብቶህን አንሣና «ግራዋ» የሚለውን ሰርዝ። ከዚያ ቁስቋም ውጣ፤ እስከ ዛሬ ትክክለኛውን ስም ልስማ ብሎ የሄደ የለምና፣ ቤታቸውን አንኳኳና እባክህ፣ ስሙን ጠይቃቸው።