አቡጄዲው ካልቀላ

ኒያንዙ ከተቀበረ በኋላ የቤተሰቡ ሽማግሌ ብሉ የሟቹን ገጀራ ከግድግዳ አውርደው በሁለት እጃቸው ለሚስቱ ለሞዙማ ሰጧት።

«እንግዲህ ወጉን ታውቂዋለሽ» አሏት።

ታውቀዋለች። በዚያ ቤተሰብ ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ጋር ከተከለችው የኮኮናት ዛፍ እኩሌታውን የምታገኘው የሟቹን ገጀራ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ከዝገት ጠብቃ ከመለሰች ነው። በሙት ዓመቱ ቀን ገጀራው በነጭ አቡጄዲ ይጠረጋል። አቡጄዲው ከቀላ ዛፉ በሙሉ ለሟቹ የእህት ልጅ ይሆናል፤ ሴቲቱም ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ካልቀላ እኩሌታው የእሷ ነው። እስከዚያው ድረስ ገጀራው ምንም አይቆርጥም፤ እሷም ወደ ዛፎቹ አትሄድም።

የሞዙማ እናት ቤት የለም። ባሕሩ ዳርቻውን ሲበላ ከነመሠረቱ ወስዶታል። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ወጣት ሳለች ችግኞቹን ያጠጣችው ከሐይቁ ማዶ ንጹሕ ውሃ በራሷ ላይ ተሸክማ እየመጣች ነው፤ ጉድጓዱን ኒያንዙ ይቆፍራል፣ እሷ ታጠጣለች፣ የደረቀውን ነቅለው እንደገና ይተክላሉ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀራት እነዚያ ዛፎች ነበሩ። ወደ እናትሽ ቤት ተመለሺ ማለት ሜዳ ላይ ውደቂ ማለት እንደሆነ ሽማግሌው ብሉም ያውቁ ነበር።

በእኛ በንዜማ ጠረፍ ብረት ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም። መንደሩ በባሕርና በሐይቅ መካከል ባለ ቀጭን አሸዋ ላይ ነው። ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የበር ማጠፊያ ሳይሰበር ተበልቶ ያልቃል። የሚሠራ ገጀራ ግን ብዙም አይጎዳም። ስለቱ ሞረድ ያየዋል፣ ጎኑ በኮኮናት ልጥ ይፋቃል፣ ዝገቱ ሥር ሳይሰድ ይራገፋል። ዝገት የሚወደው ሥራ የፈታውን ነው። ያ ገጀራ ደግሞ ሥራ እንዳይነካ የተከለከለ ነበር።

ሞዙማ በመጀመሪያ እጀታውን አወለቀች። ብዙ ሰው ስለቱን እየጠረገ በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ጭራ ይረሳዋል፤ ውሃ የሚያድረው እዚያ ነው። አድርቃ የቀለጠ ሰም አፈሰሰችበትና እጀታውን መለሰች። ከዚያ ዘይት አነጠረች። መንደሩ የሚያወጣው የኮኮናት ዘይት ቶሎ እንዲረጋ ጥቂት የባሕር ውሃ ይደረግበታል፤ ለምግብ ጥሩ ነው፣ ለብረት ግን ጨው መቀባት ነው። እሷ የራሷን በዝናብ ውሃ ብቻ አወጣችና መንጫጫቱን እስኪያቆም ድረስ እሳት ላይ አቆየችው። የሚንጫጫ ዘይት ውሃ አለው። በዚህ ቀብታ ገጀራውን ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚያልፍበት ቦታ ሰቀለችው።

ጎረቤቷ አድጆባ አንጋጣ አየችው።

«ሰገባ አለው አይደል? ለምን እዚያ ውስጥ አትከቺውም? እንደ ዓሣ ሰቅለሽው!»

«ሰገባው የፍየል ቆዳ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ቆዳው በምን ተለፋ?»

አድጆባ ትንሽ አሰበች። «በጨው» አለችና ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ተንከባክበሽው ቢሆን እስካሁን ይኖር ነበር።»

«እሱን ዘይት ብቀባው መች ይቀመጥልኛል!»

ኤዝዋ የሟቹ የእህት ልጅ ነው። በወጉ ዛፎቹን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው፣ ኮኮናቱንም የሚያወርደው እሱ ነበር። የእህት ልጅ የአጎቱን ሚስት «ሚስቴ» ብሎ እንዲቀልድ ይፈቀድለታል፤ ኤዝዋ ይህችን ፈቃድ አላባከናትም።

«ሚስቴ ሆይ!» ይላል ገና ከአጥሩ። «ዛሬ ምን ሠርተሽልኛል?»

«ላንተ የሚሆን አመድ አለ፣ ቃመው።»

«ገጀራዬስ ደህና አደረች?»

«ገጀራህ አይደለችም።»

«ገና ናት ማለትሽ ነው።» ከምድጃው ሥር ቆሞ ስለቱን በዓይኑ ይከተላል፤ እጀታው ሥር ሲደርስ አንገቱን ያሰግጋል። «እዚህ ጋ አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ።»

«የራስህን ምራቅ ነው ያየኸው። አፍህን ዝጋ፣ እየረጨህባት ነው።»

ይስቃል፤ ግን መምጣቱን አይተውም ነበር። ዛፎቹን ምን ያህል እንደሚፈልጋቸው ከአመጣጡ ይታወቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሞዙማን ወባ ጣላት። አድጆባ ከካሳቫ የተሠራ አቼኬና የዓሣ መረቅ ታመጣላት ነበር፤ ገጀራውን ግን ከሞዙማ በቀር ማንም መንካት አይፈቀድለትም። ምድጃው አልነደደም፤ ጭስም አልነበረም። ዝናቡ በሣር ክዳኑ እየሰረገ ቤቱን አርጥቦት ነበር። ግድግዳ ይዛ መቆም ስትችል መጀመሪያ ያደረገችው ቀና ብላ ማየት ነው። እጀታው አጠገብ፣ ኤዝዋ ሁልጊዜ አንገቱን የሚያሰግግበት ቦታ ላይ፣ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር።

ሎሚ ቆርጣ አመድ አስነክታ ፈተገችው። ሎሚ ራሱ ብረት ስለሚበላ ቶሎ ቶሎ እያጠበች፣ በእሳት ዳር እያሞቀች፣ ዘይት እየቀባች ደጋገመችው። ቀዩ ሄደ፤ የበላው ቀዳዳ ግን ቀረ። መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ ነው፤ ጨርቅ አይደርስበትም፣ እርጥበት ግን ይደርስበታል። በማግስቱ ጉድጓዶቹ እንደገና ቀልተው አገኘቻቸው። ፈተገች። ቀሉ። ሞረድ ላይ አድርጋ ብታወርደው ብረቱ ይሳሳል፣ ሽማግሌውም የገጀራውን ክብደት በእጃቸው ያውቁታል።

በመጨረሻ አድጆባን የከረመ የዘንባባ ጠጅ አስመጣች፤ አፍንጫ የሚወጋ፣ ኮምጥጦ የማይጠጣ። ስለቱን በአመድ አጥባ በጠጁ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ብረቱ አረፋ አወጣ፣ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። በፈላ ውሃ አጥባ አድርቃ ዘይት ቀባችው። ጥቁሩ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሸፈነ፤ ቀይም ከዚያ በኋላ አልወጣም።

አድጆባ ስታየው አፏን ያዘች። «የኒያንዙን ነጭ ገጀራ! ምን አደረግሻት? ሐዘን አለበስሻት?»

«ጠቆረች እንጂ አልቀላችም።»

«ኤዝዋ ይህን ይቀበላል? ‹ብረቱን ቀባችው› ብሎ መንደሩን ባያስጮኽ!»

ሞዙማ የምትፈራው ይህንኑ ነበር። ኤዝዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በመንገድ ሲያያት «ሚስቴ» አይልም፤ እጁን አንሥቶ ያልፋል። አፍሮ ይሆናል አለች አድጆባ። ሞዙማም ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ያንን ሐሳብ ይዛ መተኛት ጀመረች።

በሙት ዓመቱ ቀን ቤተሰቡ በሟቹ ግቢ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ብሉ አረቄ መሬት ላይ አፍስሰው የሟቹን ስም ጠሩ። አዲስ አቡጄዲ ቀደው ስለቱን ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ በኃይል ጠረጉት፤ ጨርቁንም ወደ ብርሃን ዘረጉት። በመሐሉ ጥቁር መስመር ነበር።

ግቢው ተንጫጫ። «ቆሽሿል!» «ዘይት ነው!» «ዘይት ይጠቁራል እንዴ?»

«ዝም በሉ!» አሉ ብሉ። «የወጉ ቃል ‹ቆሸሸ› አይልም። ‹ቀላ› ነው የሚለው። ኤዝዋ፣ ነገሩ የሚመለከተው አንተን ነው። ቀልቷል?»

ሞዙማ እጆቿን በጉልበቶቿ መሐል ጨመቀቻቸው። ኤዝዋ ጨርቁን ሳያይ መለሰ።

«አልቀላም፣ አባቴ። እኩሌታውን ትውሰድ።»

«ጨርቁን ቅረብና እየው እንጂ!»

«አይቼዋለሁ።»

በማግስቱ ሞዙማ ገጀራውን ይዛ ወደ ዛፎቿ ሄደች። መንገዱን ሳትጨርስ እግሯ ኮኮናት መታ። ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ያልበሰለ፣ አንድ ፍሬ ልጅ ጭንቅላት የሚያህል፣ ቀላል። ወደፊት ስታይ መሬቱ ሁሉ በዚያ ተሞልቷል። በቅርብ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ከታች ወደ ላይ ቢጫ ሆኗል፤ አበባቸው ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ከበስተኋላ፣ በሐይቁ በኩል፣ ራስ የሌላቸው ግንዶች እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ኮኮናት የሚገድል በሽታ ከምሥራቅ መንደሮች እየመጣ እንደሆነ ሰው ያወራ ነበር። እሷ ወሬውን ሰምታ በገጀራዋ ላይ ጎንበስ ብላ ከርማለች።

ኤዝዋ ከአንዱ ግንድ ሥር ተቀምጦ ነበር። አልተነሣም።

«መቼ ነው ያየኸው?» አለችው።

«ክረምቱ ሳይወጣ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? መግባት አይፈቀድልሽም። ያለሽ ገጀራው ብቻ ነበር።» ቅጠል እየበጣጠሰ ቆየ። «የእኔም እኩሌታ ያው ነው፣ የአጎቴ ሚስት። እኔ ወደ ማዕድን ማውጫ ሥራ እሄዳለሁ። ከፈለግሽ ሁሉንም ውሰጂው።»

«የአጎቴ ሚስት» ሲላት ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀልዱን ከተወ ከዛፎቹ አንድም እንደማይተርፍ በዚህ አወቀች።

የመንግሥት የእርሻ ሠራተኞች መጥተው በሽታው ወደ ምዕራብ እንዳያልፍ የቆመው ሁሉ ተቆርጦ ይቃጠል አሉ። ግንዱን በመጥረቢያ የሚጥሉ ወንዶች ተገኙ። ቅጠሉንና አናቱን እየከተፈች ለእሳት ያዘጋጀችው ሞዙማ ናት። የወደቀውን ዛፍ ልብ አውጥታ ቀቅላ በላች፤ ጣፋጭ ነው፣ ዛፍ ካልሞተ አይገኝም። ሲመሽ ገጀራውን በዝናብ ውሃ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ዘይት ትቀባለች፤ ነገም የሚቆረጥ ስላለ።

ሥራው ጥቁሩን ልጦ ጣለው። ጠርዙ ነጣ፣ ጎኑ ነጣ፣ ቀዳዳዎቹ እንኳን ተፍቀው ጠፉ። ኒያንዙ በሕይወት ሳለም ገጀራው እንዲያ አንጸባርቆ አያውቅም። አድጆባ አንድ ቀን በእጇ ይዛ ፊቷን አየችበትና መልሳ ሰጠቻት።

ዛፎቹ አልቀው አመዱን ነፋስ ሲወስደው ሞዙማ ካሳቫ ለሚተክል ሰው ተቀጥራ መሥራት ጀመረች፤ እሱ የራሱን መቆፈሪያ ይሰጣታል። ገጀራውን ከምድጃው በላይ አልመለሰችውም። በሩ ላይ፣ በባሕሩ በኩል ሰቀለችው። ክረምቱ ተመልሶ ሲገባ ቀላ።